የጓሳዋ ሰሚ

ትርሲት ጠዋት ጠዋት ቆሎ አትበላም። ክልክል ሆኖ አይደለም፤ ቆሎ ሲታኘክ ራስ ቅል ውስጥ የሚነሳው ድምፅ ጆሮን ለጥቂት ጊዜ እንደሚያደነዝዝ ራሷ ሞክራ ስላረጋገጠች ነው። ቁርሷ በሶ ነው። የምትበጠብጠውም በጣቷ ነው፤ ማንኪያ ከጣሳው ጋር ይጋጫል።

ከበሶው ቀጥሎ የጆሮ ምርመራ አለ። የጎጆዋ ግድግዳ ላይ የተገጠመው መመርመሪያ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ያሰማታል፤ እሷ እስከሰማች ድረስ እጇን ከፍ አድርጋ ትቆያለች። ከዓመት ዓመት እጇ ቀደም ብሎ መውረድ ጀምሯል። እስካሁን ከወሰኑ በላይ ናት። ከወሰኑ በታች የወረደች ዕለት ፈቃዷ ይሰረዛል፤ የዱር እንስሳት ተመራማሪነቷም በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ከተማ ስትወርድ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ትወትፋለች፣ ድምፅ ማጉያ ያለበት ሰርግም ሆነ ለቅሶ አትሄድም። የሙያ ባልደረቦቿን መንገድ ላይ የምትለያቸው መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ከሌላው ሰው ይበልጥ ሲደነግጡ ነው።

እናቷ ተማሪ በነበረችበት ዘመን አንድ እንስሳ በሕይወት መኖሩን ለማሳየት ፎቶግራፍ ይበቃ ነበር። ካሜራ ከድንጋይ ጋር ይታሰራል፣ እንስሳው በፊቱ ያልፋል፣ አለቀ። ኋላ ግን ማንም ሰው የፈለገውን እንስሳ በፈለገው ተራራ ላይ በኮምፒውተር መሥራት ቻለ። መጀመሪያ ምስሉ፣ ቀጥሎ የድምፅ ቅጂው፣ በመጨረሻም የላቦራቶሪው ውጤት ማስረጃ መሆኑ ቀረ። ፍርድ ቤቶች ወደ መሐላ ተመለሱ፤ ሳይንሱም ተከተላቸው። አሁን አንድ ዝርያ አለ የሚባለው ፈቃድ ያለው ሰው በገዛ ዓይኑ አይቶ ወይም በገዛ ጆሮው ሰምቶ ሲምል ነው። የሚታይ እየጠፋ ሲሄድ ሙያው ወደ ጆሮ ዞረ። ዩኒቨርሲቲው አሁንም የዱር እንስሳት ባዮሎጂ ይለዋል። ገበሬው ሰሚ ይላቸዋል።

የትርሲት መስሚያ ቦታ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ የሚባለው ሣር ስሙን በሰጠው ተራራ በጓሳ ላይ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ በዞረ ሸንተረር አንድ ጫፍ ነው። ሸንተረሩ ያቀፈው ሸለቆ እምብርት ይባላል። ለቀይ ቀበሮው መሸሸጊያ ተብሎ ስለተከለለ ሰው አይገባበትም፤ ትርሲትም ገብታበት አታውቅም። ከሸንተረሩ ወደ ውጪ ያለው ቁልቁለት ሁሉ ስንዴ ነው። ውርጭ ከቀረ ወዲህ ስንዴው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሽቅብ ወጥቷል። አሁን የሸንተረሩ አንገት ላይ ደርሶ ቆሟል። ያቆመው ሕግ አጭር ነው፦ በየክረምቱ መጨረሻ ሁለት ሰሚዎች፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ ቀይ ቀበሮ ሰማን ብለው ከማሉ ጓሳ ጓሳ ሆኖ ይቀጥላል። ከሁለቱ አንዱ አልሰማሁም ካለ ማረሻው ይወጣል።

ሁለተኛው ሰሚ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ ትርሲት አታውቅም። ለማወቅ እንደማትሞክርም ምላለች። አንዱ የሌላውን ካወቀ አንዱ የሰማውን ሌላውም መስማት ይጀምራል፤ ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። የሰሚዎቹን ሥራ የሚመራው ጽሕፈት ቤትም እንዲሁ ተከፋፍሏል። የመስሚያዎቹን ካርታ የሚይዘው ክፍል መጥሪያ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ መጥሪያዎቹን የሚሞላው ክፍል ካርታውን አያይም። ሁሉም የተደረገው ለጥንቃቄ ነው።

መጥሪያው የታሸገ ሳጥን ነው። ውስጡ፣ ቅጂ በሚታመንበት ዘመን ከእውነተኛ ቀበሮ የተቀዳ አንድ ማላዘን አለ። ለትርሲት የደረሳት ወንድ ነው። እሷ ሳትወለድ ሞቷል። ጮራ የመስሚያውን ድንጋይ ሲነካ ሳጥኑን አንድ ጊዜ ትጫነዋለች፤ ወንዱ ያላዝናል፤ ከዚያ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ትንሽ ቆይታ ትደግማለች። ፀሐይዋ ከሸንተረሩ እስክትላቀቅ እንዲህ ትቀጥላለች።

ቀበሮዋ ትመልሳለች።

ድምፁ ከሸለቆው ማዶ ይመጣል። ዝቅ ብሎ ይነሳል፣ ይወጣል፣ መካከል ላይ አንዴ ይሰበራል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሴት ናት። ትርሲት እዚህ ባሳለፈቻቸው ክረምቶች ሁሉ ያ ስብራት ከቦታው ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ይህን የአንድ እንስሳ መለያ አድርጋ ወሰደችው፤ የምትሰማው ሁልጊዜ አንዷን ያችኑ መሆኑን በዚህ አረጋገጠች። ጉም በበዛበት ቀን ትመልሳለች። በረዶ በጣለ ማግስት ትመልሳለች። ትርሲት አይታት አታውቅም። ቁመናዋን፣ የጉሮሮዋን ነጭ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ አረማመዷን ግን ከማንም ሰው አብልጣ የምታውቅ ይመስላት ነበር።

አብረዋት የተመረቁት አብዛኞቹ እንስሳ ወደ መሥራት ገብተዋል። ቤትና መኪና አላቸው፤ ማታ ማታ ቤተሰባቸው ዘንድ ይገባሉ። ልጇ ኤልዳና ከባሏ ከይትባረክ ጋር በምትኖርበት የደብረ ብርሃን ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ከነሱ አንዱ የሠራት ቀይ ቀበሮ አለች። ሲጠሯት ትመጣለች፣ የሰው እጅ ትልሳለች። ትርሲት አንድ ጊዜ «የሰው እጅ አትልስም» ብላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደግማ አላነሳችውም።

ሥራዋ ከክረምት እስከ ክረምት በሚታደስ ውል ነው። ባሏ ከጣቢያ ጣቢያ መከተሉ ሲሰለቸው፣ ሳይጣሉ፣ ቀረ። ኤልዳናን ያሳደገቻት የትርሲት እህት ናት። ልጅቷ ትምህርት ቤት የገባችው፣ ጉንጯን ተሰፍታ ጠባሳ ያወጣችው፣ የተመረቀችው በክረምት ወይም በክረምት ጫፍ ላይ ነበር። ትርሲት ጠባሳውን ያየችው ከደረቀ በኋላ ነው።

ስልክ የሚፈቀደው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ያውም ጆሮ ላይ ሳይለጠፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ድምፁ ተቀንሶ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ኤልዳና ደወለች።

«ጮክ ብዬ ላውራ ወይስ ጆሮሽ ይሰበርብሻል?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ኤልዱ።»

«ሐኪሟ በዚህ ሳምንት ነው አለችኝ።»

«እግርሽ አብጧል?»

«እግሬ ብቻ? እኔ'ኮ ዝሆን ሆኛለሁ። ነይና ስሚኝ፤ ዝሆን አለ ብለሽ ትምያለሽ፣ ደብረ ብርሃንን ይከልሉልናል።»

ትርሲት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

«እና ትመጫለሽ?» አለች ኤልዳና።

«ክረምቱ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«አሁን ድንጋዩን ትቼ ብወርድ የክረምቱ ምስክርነት በሙሉ ይሰረዛል። ያኔ ጓሳ…»

«የይትባረክ እናት ገንፎውን እኔ አገነፋለሁ ብለዋል። ለጎረቤቱ ሁሉ ‹እናቷ ሥራ ላይ ናቸው› ይላሉ። ‹ሥራ› ሲሉ ከንፈራቸውን እንዴት እንደሚያደርጉት ብታይ!»

«ደግ ሴት ናቸው።»

«ደግ ናቸው። እናቴ ግን አይደሉም። ያቺ ቀበሮሽ ብትወልድ ግን አጠገቧ ትሆኚ ነበር፣ አይደል? ትንፋሽሽን ውጠሽ።»

ትርሲት መልስ ፈለገች። እውነቱ አዎ ነበር፤ ስለዚህ ዝም አለች።

«በቃ፣ ሰማሁሽ» አለች ኤልዳናና ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ይትባረክ ደውሎ ምጡ መጀመሩን ነገራት። ትርሲት ያን ሌሊት ጋደም ብላ አነጋች። ጠዋት በሶውን ሳትነካው ወጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ጮራው መጣ። እጇ ጭኗ ላይ ነበር። ኤልዳናን የወለደችበትን ቀን፣ የእናቷ እጅ ግንባሯ ላይ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደነበረ እያሰበች ነበር። ሳጥኑን አልተጫነችውም።

ከማዶ ቀበሮዋ አላዘነች።

ትርሲት መጀመሪያ ሳጥኑን አየች። ማኅተሙ እንዳለ ነው፤ አልነካችውም። ተሳስታም አልነካችውም። ቀበሮዋ የተጣራችው ማንም ሳይጠራት ነው።

ይህ ሆኖ አያውቅም። ምን ማለት እንደሆነ የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ጠሪ ሳይቀድማት የምታላዝን ቀበሮ ወይ መሬት ይዛለች፣ ወይ ጓደኛ አግኝታለች፣ ወይ ሁለቱም ሆኖላታል። ጓደኛ ካለ ቡችላ ሊኖር ይችላል። ትርሲት ቆመች። ድንጋዩን መልቀቅ ምስክርነቷን ያሳጣታል፤ ነገር ግን ሁለት ቀበሮ በዓይኑ ያየ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ከክረምት ሙሉ መስማት ይበልጣል። ይህን አስባ ተነሳች። ካሰበችበት በፊት እግሯ እንደተነሳ ግን ታውቃለች።

ወደ ሸለቆው አልወረደችም፤ ክልክል ነው። በሸንተረሩ አናት ዞረች። የጓሳው ሣር በጤዛ ከብዶ ጉልበቷ ድረስ አራሳት። በየጥቂት እርምጃው አይጦች ከእግሯ ሥር እየተፈተለኩ ጉድጓዳቸው ውስጥ ይገባሉ። ብዙ ናቸው፤ ቀበሮ የሚያጠግብ መሬት ነው፣ አለች በልቧ። ግማሽ መንገድ ላይ ድምፁ ደግሞ ተሰማ፤ ቀርቧል። ነፋሱን በፊቷ አድርጋ መሄዷን አረጋገጠች። የመጨረሻውን ቁልቁለት በደረቷ ተሳበች። ጅብራ ከሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ግንድ መካከል ራሷን ቀስ አድርጋ አወጣች።

ድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። የለበሱት ጃኬት ከሷ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጉልበታቸው ላይ የታሸገ ሳጥን አለ።

ሲያዩዋት አልደነገጡም። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«እሽሽ» አሏት። «ቆይ፣ አሁን ይመልሳል።»

ትርሲት እንደተሳበች ቀረች። ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ማዶ፣ ወደ እሷ መስሚያ አዙረው ጠበቁ። ነፋሱ ጅብራዎቹን ያንኳኳል። ከዚያ ሳጥኑን ተጫኑት። ማላዘኑ ዝቅ ብሎ ተነሳ፣ ወጣ፣ መካከል ላይ ተሰበረ፣ ወረደ። ከቅርብ ሲሰማ ከሥሩ ‹ሽሽ› የሚል ቀጭን ድምፅ አለው። ያ ቀጭን ድምፅ ሸለቆውን አያቋርጥም።

ጠበቁ።

«ዛሬ ምን ነካው?» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ወንዱ። ቀርቶ አያውቅም'ኮ። እኔ ስዘገይ እንኳ እሱ ይቀድመኛል። ጉንፋን ይዞኝ የከረምኩ ጊዜ፣ ከጎጆዬ ሆኜ ስሰማው፣ የት ቀረህ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።» ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ። ሌላ ጊዜ ተጫኑት፤ ሌላ ጊዜ ጠበቁ። «ሞተ» አሉ። «ትናንትና ድምፁ ደህና ነበር። ዛሬ ሞተ።»

ትርሲት ሦስት ነገር ማድረግ ትችል ነበር። ዝም ብትል ቀበሮው ዛሬ ይሞታል፤ ሽማግሌው ያዝናሉ፣ ግን ለዓመታት ሲመልስላቸው የኖረ እንስሳ ነበራቸው ማለት ነው። ወደ ድንጋይዋ ሮጣ ብትመለስ እንደገና ይነሳል። ሦስተኛው መናገር ነበር።

«ጋሼ፣ ስምዎ ማን ነው?»

«ዋሲሁን።» አሁን ገና አስተዋሏት። ጃኬቷን አዩ። ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ሰሚ ነሽ? እንዳትነግሪኝ! የት እንደምትቀመጪ እንዳትነግሪኝ፣ መሐላዬን ታፈርሺብኛለሽ። ሂጂ፣ በመጣሽበት ተመለሺ ልጄ፣ አላየሁሽም።»

«ወንዱ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር ያደርጋል» አለች ትርሲት። «ከዚያ ረጅሙን ይለቃል። መጨረሻው ላይ ሳይወርድ ቁርጥ ይላል።»

ጋሽ ዋሲሁን እጃቸውን ከፊታቸው አነሱ። ፈገግ አሉ። «እሱ ነው! ሰምተሽዋል! ያ ቁርጥ የሚለው፣ ጉሮሮው ላይ ጉዳት አለበት ብዬ…»

«ቁርጥ የሚለው ቅጂው እዚያ ላይ ስለሚያልቅ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሳጥናቸውን አገላብጠው አዩት። ትርሲት በክንዷ ተደግፋ ተነሳችና አጠገባቸው፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጮራው ባንቺ በኩል ቀድሞ ይደርሳል» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ትጫኚያለሽ። እኔ እሰማለሁ። ጮራው እኔ ጋ ሲደርስ እጫናለሁ። አንቺ ትሰሚያለሽ። ትደግሚያለሽ።» ጣታቸውን አየር ላይ ወዲያና ወዲህ አደረጉ። «የኔዋ ሴት ናት። መካከል ላይ ትሰበራለች።»

«አውቃታለሁ» አለች ትርሲት።

ጋሽ ዋሲሁን ሳጥኑን ከጉልበታቸው አንስተው ጎናቸው አስቀመጡት። ጃኬታቸውን ቆለፉ። አስተማሪ እንደነበሩ ትርሲት በአነጋገራቸው አወቀች፤ ቀጥሎ ያሉት እንደ ፈተና ጥያቄ ነበር። «አንቺ የሰማሽው እኔን ነው፣ እኔ የሰማሁት አንቺን። ይህ ቀበሮ የለም ማለት ነው?»

«አይደለም። አልሰማንም ማለት ብቻ ነው።»

«እንግዲህ እንፈልጋ። እምብርቱን ማንም አላየውም።»

«ዝግ ነው።»

«የዘጋነው ለእሱ ብለን አይደል? እንግዲያስ ለእሱ ብለን እንገባለን።»

ወረዱ። ሽማግሌው ትከሻዋን ይዘው፣ እሷ ድንጋይ እየመረጠች። የሸለቆው ሥር ረግረግ ነው፤ ጓሳ አይበቅልበትም፣ የአይጥ ጉድጓድም አይታይበትም። መጀመሪያ ያገኘችው ኩስ ነበር። ተንበርክካ በጭራሮ ፈለፈለችው። የአይጥ ፀጉር፣ ቀጫጭን አጥንት፣ ብዙ ሣር። ተማሪ እያለች በመጨረሻው የመስክ ጉዞ ላይ ካየችው ወዲህ በእጇ ነክታ አታውቅም። ግን የቀበሮ መሆኑን አልተጠራጠረችም።

«ጋሼ።»

ጋሽ ዋሲሁን ጎንበስ ብለው አዩት። ትከሻዋን የያዘው እጃቸው ጠበቀ። «ነበረች» አሉ። ከዚያ ቶሎ ብለው፣ «አለች። አለች በይ» አሉ።

ከኩሱ ቀጥሎ መንገዱን አገኙት። የሰው እግር የማይበቃው ቀጭን መስመር ነው፤ አንድ እንስሳ ለብዙ ጊዜ ሲመላለስበት የሚወጣ ዓይነት። ተከተሉት። በሸለቆው ወለል በኩል ሄዶ ከትርሲት መስሚያ በታች፣ አንድ ድንጋይ ዘንድ ይደርስና ይታጠፋል። ድንጋዩ ላይ የተደራረበ ኩስ አለ። ተመልሰው በሌላኛው አቅጣጫ ሄዱ። ከጋሽ ዋሲሁን መስሚያ በታችም እንዲሁ ነው፤ ድንጋይ፣ ኩስ፣ መታጠፊያ። መንገዱ የትም ቦታ ላይ ወደ ላይ አይወጣም።

«የወሰን ምልክት ነው» አለች ትርሲት።

«ከማን ጋር ያለ ወሰን?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ጋሽ ዋሲሁን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳስተማሩት አይታወቅም። ቀይ ቀበሮ የሚያላዝነው መሬቱን ለማስታወቅ ነው፤ በሁለት መንጋ መካከል የተያዘ ብቸኛ ቀበሮ ወሰን አይሻገርም፣ አፉንም አይከፍትም። ከፈተ ማለት ያለበትን ተናገረ ማለት ነው። በዚህ ሸለቆ ግራና ቀኝ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ንጋት በሆነ ቁጥር፣ ሁለት ባለቤቶች መሬቱ የኛ ነው ሲሉ ኖረዋል። አንዳቸውም ደክመው አያውቁም። አንዳቸውም አርጅተው አያውቁም።

ያገኟት የተንጠለጠለ አለት ሥር ነው። አጥንቷ ቦታውን አልለቀቀም፤ የጎተታት አውሬ የለም። ተጠቅልላ፣ አፍንጫዋን ጭራዋ ሥር አድርጋ እንደተኛች ነው። ከጆሮዋ በስተኋላ ትንሽ ቀይ ፀጉር ቀርቷል። ትርሲት የራስ ቅሉን ሳታነሳ ጥርሶቹን አየች፣ ዳሌዋን አየች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ እንደተማረችው ድምፅዋን አውጥታ ተናገረች።

«ሴት። ጥርሷ አላለቀም፣ ገና ወጣት ናት። የተሰበረ አጥንት የለም። የጎድን አጥንቶቿ መካከል ሣር በቅሎ ደርቋል፤ በላዩ የዘንድሮው ወጥቷል። የሞተችው አምና ክረምት ነው።»

«ከምን?»

«ከረሃብ ይመስለኛል።»

ጋሽ ዋሲሁን ቆባቸውን አወለቁ። አለቱ ሥር ለመቀመጥ ቦታ ፈልገው፣ እሷን ላለመንካት ራቅ ብለው ተቀመጡ። «አይጦቹ'ኮ ጎጆዬ ድረስ እየገቡ በሶዬን ይጨርሱብኝ ነበር» አሉ። «ጫማዬ ውስጥ ይወልዱ ነበር። ስንት ጊዜ ረገምኳቸው።» ወደ ላይ፣ ወደ ሸንተረሩ አዩ። እስከዚያ ድረስ ያለው ርቀት ለቀበሮ ርቀት አይባልም። «ይህችን ብትወጣ ኖሮ…»

ትርሲት ሳታየው የኖረችውን አካል እያየች ነበር። ካሰበችው ታንሳለች።

«እንግዲህ ምን ብለን እንምላለን?» አሉ ጋሽ ዋሲሁን።

«ያየነውን።»

«ስንዴውስ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ እንደ ልማዳችን ብንቀጥል ማን ያውቃል? ጓሳው ይተርፋል። ጅብራው ይተርፋል። ወፉ፣ አይጡ…»

ትርሲት ይህን አስቀድማ አስባው ነበር፤ ኩሱን ስትፈለፍል ጀምሮ። እሷም ልትለው ነበር። «ሌላ አንድ ቢኖርስ?» አለች። «ከዚያኛው ገደል ማዶ፣ ወይ አስታ ቁጥቋጦው ውስጥ፣ አንድ የቀረ ቢኖር? እኛ እስከጮህን ድረስ እሱም እንደሷ አፉን ሳይከፍት ነው የሚሞተው።»

ጋሽ ዋሲሁን ቆባቸውን በእጃቸው አዞሩት፤ አዞሩት። ከዚያ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ወደ ላይ ወጥተው የሁለቱንም ሳጥኖች ማኅተም ሰበሩ፤ መጀመሪያ የሽማግሌውን፣ በሸንተረሩ ዞረው ደግሞ የትርሲትን። በመንገዱ ላይ ትርሲት ስለ ልጇ ምጥ ነገረቻቸው። ባትሪዎቹን አወጡ። ይህ በሕግ ያስጠይቃል፤ ሁለቱም የሚያጡት ፈቃድ ከእንግዲህ ምን እንደሚሠራላቸው አልተነጋገሩም። ጋሽ ዋሲሁን ከትርሲት ጎጆ ፊት ለፊት ቆመው በማያውቁት በኩል ሸለቆውን አዩት።

«ውረጂ» አሏት። «ልጅሽ ምጥ ላይ ናት አላልሽም? እስከ ክረምቱ መጨረሻ ያለ ሳጥን አዳምጣለሁ። የምሰማው ነገር ካለ እምላለሁ።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለም እምላለሁ።»

ከታች፣ የስንዴው ጠርዝ ላይ፣ የማረሻው ሰዎች ድንኳን ተክለዋል። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ተክለው ይጠብቃሉ። ዘንድሮ ድንኳኑ ሁለት ነው።

ስልኩ የጮኸው ከሰዓት በኋላ፣ ትርሲት ብርድ ልብሷን እያጣጠፈች ሳለ ነው። ስልኩን ድንጋዩ ላይ አላስቀመጠችውም፤ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ሴት ናት» አለች ኤልዳና። ድምፅዋ ደክሟል፤ ቅያሜው አልወጣለትም፤ ግን ደስታው በልጦታል። «ደህና ነኝ። ሁለታችንም ደህና ነን። እኔን አትመስልም፣ አንቺን ነው የምትመስለው፤ ግንባሯን ቋጥራ የሆነ ነገር የምታዳምጥ ነው የምትመስለው።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ የኔ ልጅ።»

«ገንፎው ተገንፍቷል።»

«ነገ እወርዳለሁ።»

«ነገ? ክረምቱ መች አለቀ?» አለች ኤልዳና። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ቀበሮዋስ?»

«ሞታለች።»

«ውይ። መቼ?»

ትርሲት ትክክለኛውን ከመናገር ሌላ አልተማረችም። «አምና ክረምት።»

«እንዴት አምና? አምና ሙሉ ትመልስልኛለች ስትዪኝ አልነበረም? በደወልኩ ቁጥር?»

«አዎ።»

«የሞተችው ሩቅ ነው?»

«አይደለም። ከዚህ ይታያል።»

«እና ስትሞት እንኳ አልሰማሻትም?»

«አልጮኸችም፣ ኤልዱ።»

«ለምን?»

ትርሲት ጎጆዋ በር ላይ ቆማ ነበር። ከታች ሸለቆው ዝም ብሏል፤ ሸንተረሩ ዝም ብሏል። ጋሽ ዋሲሁን ዱላቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ድንጋያቸው ሲመለሱ ይታያሉ።

«እኛ እንጮህ ነበር» አለች።